ነጭ ጋዝ በቤንዚን ሞተርና በናፍጣ ሞተር፦ እስከ ስንት ይቻላል? ቀድሞ የሚበላሸውስ ምንድን ነው?

አሮጌ ፒካፕ (ጥያቄ)፦

ሰላም ለሁላችሁም። ስለ ነጭ ጋዝ በደንብ የሚያውቅ ሰው ቁርጥ ያለ መልስ እንዲሰጠኝ ነው። ሞተሮቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው የቤንዚን ነው፤ 1.6 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ ካርቡሬተር ያለው፣ ኮምፕሬሽኑ (ድብልቁ ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቅበት መጠን) 8.5 ለ 1፣ ካታሊስት (ጭስ የሚያጠራው ማርሚታ) የለውም። ሁለተኛው የናፍጣ ፒካፕ ነው፤ 2.5 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው፣ ናፍጣው መጀመሪያ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል የሚቀጣጠልበት የድሮ ዓይነት። ኢንጀክሽን ፖምፓው ሮታሪ ነው፤ ኤሌክትሮኒክስ የሚባል ነገር የለውም።

ቤንዚኑ ላይ ነጭ ጋዝ እስከ ስንት በመቶ ቢገባ ሞተሩ አይጎዳም? ናፍጣው ላይስ? ፒካፑ ላይ ነጭ ጋዝ ብቻውን ቢሞላ ይሠራል ወይስ ፖምፓው ይበላሻል? ዘይት ጣል ይደረግበታል ይባላል፤ የቱ ዘይት፣ ስንት? "ታይሚንጉን (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ) ካዘገየኸው ቤንዚኑም ይችላል" የሚሉም አሉ። ነጭ ጋዝ የማያዋጣ ከሆነ ደግሞ የምግብ ዘይት፣ ቡታ ጋዝ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይሻላል ወይ? ሞተሩ መነሳቱን ሳይሆን ምን ቀድሞ እንደሚሄድና ለምን እንደሆነ ብትነግሩኝ ነው የሚጠቅመኝ።

ካንዴላ፦

የቤንዚኑን እኔ ልመልስ፤ የናፍጣውን ፖምፓ የሚሠሩት ይመልሱልሃል።

የቤንዚን ሞተር ከነዳጁ ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንዱ፣ ካንዴላው እሳት እስኪሰጥ ድረስ በራሱ ሳይቀጣጠል መቆየት ነው፤ ኦክቴን የሚባለው የዚህ መለኪያ ነው። ሌላው፣ ሲሊንደር ከመግባቱ በፊት መትነን ነው። ነጭ ጋዝ ሁለቱንም አያሟላም። የቤንዚን ኦክቴን ከ91 እስከ 95 ሲሆን የነጭ ጋዝ 20 አካባቢ ነው። ቤንዚን ከ30 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ መትነን ሲጀምር ነጭ ጋዝ የሚፈላው ከ150 እስከ 300 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው።

የድብልቁን ኦክቴን በግምት ራስህ ልታሰላው ትችላለህ። ቤንዚኑ 92 ነው እንበል። ከ100 ሊትር ውስጥ 10ሩ ነጭ ጋዝ ሲሆን ወደ 85 ይወርዳል፤ 20ው ሲሆን ወደ 78፤ ግማሽ በግማሽ ሲሆን ወደ 56። ኮምፕሬሽኑ 8.5 የሆነ ሞተር 85 ላይ ዳገት ሲይዝ ያንኳኳል፤ 78 ላይ ሜዳም ላይ ጋዝ ስትረግጥ ያንኳኳል።

ማንኳኳቱን ብዙ ሰው እንደ ድምፅ ብቻ ያየዋል። ጉዳቱ ግን ሲሊንደሩ ውስጥ ነው። እሳቱ ከካንዴላው ተነስቶ እየነደደ ሳለ ጥግ ላይ ያለው ያልነደደ ድብልቅ በሙቀትና በግፊት ብዛት በአንዴ ይፈነዳል። ፒስተኑን ከእሳቱ የሚከልለው ስስ የጋዝ ሽፋን ይገፈፍና ሙቀቱ በቀጥታ አልሙኒየሙን ያገኘዋል። መጀመሪያ የሚሰበረው በፋሻዎቹ (ፒስተኑን በከበቡት ቀለበቶች) መካከል ያለው የፒስተን ጠርዝ ነው፤ ከዚያ የቴስታታ ጋስኬት፤ ሲብስ ፒስተኑ ይበሳል። ምልክቱን ቀድሞ ለማየት ካንዴላውን ፍታና ነጩን ሸክላ በደማቅ ብርሃን ተመልከተው። እንደ በርበሬ ዱቄት የተነሰነሱ ጥቃቅን ጥቁር ወይም የሚያብለጨልጩ ነጥቦች ካሉ፣ የሚያብለጨልጩት ከፒስተኑ የቀለጠ አልሙኒየም ናቸው።

ታይሚንግ ማዘግየት ማንኳኳቱን ይቀንሳል፤ ያ እውነት ነው። ግን እሳቱ ዘግይቶ ሲጀምር ዘግይቶ ያልቃል፤ የጭስ ቫልቩ ሲከፈት ገና እየነደደ ነው። ቫልቩና መቀመጫው ይቃጠላሉ፣ የራዲያተሩ ውሃ ይሞቃል፣ ለዚያው ርቀት የምትጨምረው ነዳጅም ይበዛል። በሊትር ያተረፍከውን በኪሎሜትር ትመልሰዋለህ። ስለዚህ ለአንተ ሞተር መልሴ ዜሮ በመቶ ነው።

ትራክተር፦

ወንድማችን ካንዴላ የተናገረው ለዛሬ መኪና ትክክል ነው። ነገር ግን በካንዴላ እየተቀጣጠሉ በነጭ ጋዝ እንዲሠሩ ታስበው የተሠሩ ሞተሮች ነበሩ፤ እንዴት እንደሠሩ ማየት የመኪናው ለምን እንደማይሠራ ያስረዳል። በ1917 የወጣው ፎርድሰን ትራክተር በነጭ ጋዝ ይሠራ ነበር። በ1949 የወጣው ፈርጉሰን ቲኢ-ዲ20 ደግሞ ቲቪኦ ለሚባለው የትራክተር ነዳጅ የተሠራ ነው። ቲቪኦ የመብራት ነጭ ጋዝ አይደለም፤ ኦክቴኑ ወደ 55 እና ከዚያ በላይ ከፍ እንዲል የተዘጋጀ ነበር።

እነዚያ ሞተሮች ያላቸውና መኪናህ የሌለው ይህ ነው። ኮምፕሬሽናቸው 5 ለ 1 አካባቢ ነው። ድብልቁ የሚገባበት ቧንቧ ከጭስ መውጫው ጋር ገጥሞ በእሳት ይሞቃል። ራዲያተሩ ፊት መጋረጃ አለ፤ ውሃው ከ80 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ ይዘጋል። ሰልባትዮው ሁለት ነው፤ ትንሹ ለቤንዚን፣ ትልቁ ለነጭ ጋዝ፣ መሃላቸው ባለ ሁለት መንገድ ቧንቧ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በቤንዚን አስነሳ። ውሃው 80 ዲግሪ እስኪደርስ በቤንዚን አሙቅ። ጭነት ከያዘ በኋላ ቧንቧውን ወደ ነጭ ጋዝ አዙር። ሥራ ቆሞ በሚኒሞ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ከሆነ ወደ ቤንዚን መልስ፤ በሚኒሞ ሞተሩ ይቀዘቅዛል፣ ነጭ ጋዙ ሳይተን ጠብታ ሆኖ ይገባል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ከማጥፋትህ በፊት ቤንዚኑን ክፈትና የካርቡሬተሩ ሳህን ቤንዚን እስኪይዝ ጥቂት ደቂቃ አሠራው። ይህን የረሳ ሰው በማግስቱ ሳህኑን አራግፎ በቤንዚን ካልሞላ በቀር ሞተሩ አይነሳለትም።

እንዲህ ዓይነት ዝቅተኛ ኮምፕሬሽን ያለው የድሮ ሞተር ላለው ግማሽ ቤንዚን ግማሽ ነጭ ጋዝ ወደ ቲቪኦ ኦክቴን ይቀርባል። የካንዴላ ስሌት 56 ያለውም ይኸው ነው። 8.5 ኮምፕሬሽን ላለው መኪና ግን መንገዱ ዝግ ነው።

ነዳጅ ቆጣቢ፦

ይህን ያህል ማስፈራራት አያስፈልግም። 15 እና 20 በመቶ ቀላቅለው በየቀኑ የሚነዱ አሉ፤ ሞተሩ ይነሳል፣ ይሄዳል። በዝግታ ከነዳህና ጋዝ ካልረገጥክ አያንኳኳም።

ካንዴላ፦

ወንድሜ ነዳጅ ቆጣቢ፣ አለማንኳኳቱ አለመጎዳቱን አያሳይም። በዝግታ ስትነዳ ሞተሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ያን ጊዜ ነው ነጭ ጋዙ ከምንጊዜውም በላይ ሳይነድ የሚቀረው። ያልነደደው የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት አጥቦ በፋሻው በኩል ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርዳል።

እዚህ ጋ በቤንዚንና በነጭ ጋዝ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። ጠዋት በቀዝቃዛ ሲነሳ ቤንዚንም ወደ ዘይቱ ይወርዳል፤ ግን ዘይቱ 90 እና 100 ዲግሪ ሲደርስ አብዛኛው ተንኖ ይወጣል። ነጭ ጋዝ መፍላት የሚጀምረው በ150 ዲግሪ ስለሆነ ዘይቱ ውስጥ ይቀመጣል። ሲጠራቀም 5 በመቶ ያህል ሲደርስ ዘይቱ አንድ ደረጃ ይቀጥናል፤ ሲሞቅ የዘይት ግፊቱ ይወርዳል፣ ብሮንዚኖቹ (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርባቸው ስስ ብረቶች) መበላት ይጀምራሉ። ይህ ድምፅ የለውም፤ የሚሰማው ሲያልቅ ነው።

የምታውቅበት መንገድ አለ። ሞተሩ ቆሞ አሥር ደቂቃ ከቆየ በኋላ የዘይት መለኪያውን አውጣ። ዘይት የማያጎድል ብቻ ሳይሆን በየሳምንቱ ከፍ የሚል ሞተር ነዳጅ እየጠጣ ነው። ከመለኪያው ጫፍ አንድ ጠብታ በነጭ የማጣሪያ ወረቀት ላይ ጣልና ሌሊቱን አሳድር። ጤነኛ ዘይት መሃሉ ጠቆር ብሎ ዙሪያው እኩል ይሰፋል፤ ነዳጅ የገባበት ከጥቁሩ ውጪ ሰፊ፣ ፈዛዛና ቅባታማ ቀለበት ይሠራል። አሽትተውም፤ የነጭ ጋዝ ሽታ አይጠፋም። እንዲህ ከሆነ ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን በቶሎ ቀይር።

ሳታውቀው የተቀላቀለ ቤንዚን የገዛህ መስሎህ እንደሆነም ወረቀቱ ይረዳል። ንጹህ ቤንዚን በነጭ ወረቀት ላይ ሲንጠባጠብ በጥቂት ደቂቃ ምንም ሳይተው ይተናል፤ ነጭ ጋዝ ያለበት የዘይት እድፍ የመሰለ ክብ ይተዋል። በክብደት መለኪያ ብቻ አትመን። የአንድ ሊትር ቤንዚን ክብደት ከ0.72 እስከ 0.775 ኪሎ፣ የነጭ ጋዝ ከ0.775 እስከ 0.84 ኪሎ ነው፤ 0.740 የነበረ ቤንዚን 20 በመቶ ቢቀላቀልበት 0.753 አካባቢ ይሆናል፤ ማለትም አሁንም ቤንዚን መስሎ ያልፋል።

ካታሊስትና የኦክስጅን ሴንሰር ያለው መኪና ላይ ደግሞ ሳይነድ የሚወጣው ነዳጅ ካታሊስቱ ውስጥ ይቃጠላል፤ የማር እንጀራ የሚመስለው ውስጡ ይቀልጣል፣ ማርሚታው ይታፈናል፣ መኪናው ዳገት እምቢ ይላል።

ፖምፓ፦

ወደ ናፍጣው ልግባ። በዚህ በኩል ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የናፍጣ ሞተር ነዳጁ ቶሎ እንዲቀጣጠል ነው የሚፈልገው፤ የነጭ ጋዝ ሴቴን (ቶሎ የመቀጣጠል መለኪያ) ከ40 እስከ 45 ስለሆነ ሞተሩ ራሱ ያቃጥለዋል። በብርዳማ አገሮች የክረምት ናፍጣ በነጭ ጋዝ ይቀጥናል፤ የኔቶ ሠራዊቶች የናፍጣ መኪኖቻቸውን ከነጭ ጋዝ በሚሠራ የአውሮፕላን ነዳጅ ያሽከረክራሉ። ስለዚህ "ይቀጣጠላል ወይ" የሚለው አያከራክርም። የሚያከራክረው ፖምፓው ነው።

ሮታሪ ፖምፓ የሞተር ዘይት አያገኝም። ውስጡ የሚዞረውና የሚንሸራተተው ሁሉ የሚለሰልሰው በሚያልፈው ነዳጅ ነው። ናፍጣ በ40 ዲግሪ ውፍረቱ ከ2 እስከ 4.5 ሴንቲስቶክ (የፈሳሽ ውፍረት መለኪያ) ነው፤ ነጭ ጋዝ ከ1 እስከ 1.9። ከቅጥነቱ በላይ የማለስለስ አቅሙ ያንሳል። ይህ የሚለካው ብረት በብረት ላይ ነዳጁ ውስጥ እየተፋተገ በሚተወው ጠባሳ ስፋት ነው፤ የአውሮፓ የናፍጣ ደረጃ ጠባሳው ከ460 ማይክሮን እንዳይበልጥ ይጠይቃል፤ ምንም ያልተጨመረበት ነጭ ጋዝ ብዙ ጊዜ ከ600 ያልፋል። በጣት እንኳ ይታወቃል፦ ናፍጣ በሁለት ጣት መካከል ስታሸው ያንሸራትታል፤ ነጭ ጋዝ ትንሽ ቆይቶ ቆዳህን ያደርቀዋል።

የምትሠራበት መጠን ይኸው። ለአንተ ፒካፕ ከ20 እስከ 30 በመቶ ነጭ ጋዝ፣ ከማለስለሻ ጋር። ማለስለሻ ከተባለ ምርጡ 2 በመቶ ባዮዲዝል (ከምግብ ዘይት የሚሠራ ናፍጣ መሰል ነዳጅ) ነው፤ ለ50 ሊትር አንድ ሊትር። እሱ ከሌለ የሁለት ምት ሞተር ዘይት 1 ለ 200፣ ማለትም ለ50 ሊትር 250 ሚሊ ሊትር። ከባዮዲዝሉ ያነሰ ይረዳል፤ ግን ከባዶው ይሻላል። የአራት ምት የሞተር ዘይት አትጨምር፤ ውስጡ ያለው ካልሲየምና ዚንክ አይነድም፤ አመድ ሆኖ ኢንጀክተሩ ጫፍ ላይ ይቀራል። ማለስለሻውን ከነጭ ጋዙ ጋር መጀመሪያ በጄሪካን ቀላቅል፣ ከዚያ ሰልባትዮው ውስጥ ጨምር። ነጭ ጋዝና ናፍጣ አንዴ ከተቀላቀሉ ተመልሰው አይለያዩም።

ነጭ ጋዝ ብቻውን፦ ለችግር ጊዜ፣ ማለስለሻ ገብቶበት፣ አንድ ሰልባትዮ ያደርስሃል። እንደ ዘወትር ነዳጅ ግን ሮታሪ ፖምፓን ያለ ጊዜው ይገድለዋል። ባለ መስመር ፖምፓ (ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ፕላንጀር ያለው) ካሙ በሞተር ዘይት ስለሚለሰልስ ይበልጥ ይታገሳል፤ እሱን እስከ 50 በመቶ መግፋት ይቻላል። ኮመን ሬይል (ለሁሉም ኢንጀክተሮች ከአንድ የጋራ ቧንቧ ነዳጅ የሚሰጥ የዘመኑ ዓይነት) ላይ ግን አንድ ጠብታም አታስገባ። ያ ፖምፓ ከ1350 እስከ 2500 ባር የሚገፋው በነዳጁ ብቻ እየለሰለሰ ነው፤ ሲፋቅ የብረት ብናኙ ወደ ሬይሉ፣ ወደ ኢንጀክተሮቹና በመመለሻው ቱቦ ወደ ሰልባትዮው ይደርሳል፤ ያን ጊዜ የሚቀየረው ፖምፓ ብቻ ሳይሆን የነዳጅ መስመሩ ሁሉ ነው።

ሌሎች ልታውቃቸው የሚገቡ፦ ጉልበት ከ5 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። ከፊሉ አንድ ሊትር ነጭ ጋዝ ከአንድ ሊትር ናፍጣ ጥቂት ያነሰ ኃይል ስለሚይዝ ነው። ከፊሉ ደግሞ በሮታሪ ፖምፓ ውስጥ ታይሚንጉን የሚያስቀድመው የነዳጁ የውስጥ ግፊት ስለሆነ ነው፤ ነዳጁ ሲቀጥን ግፊቱ ይወርዳል፣ መርጨቱ ይዘገያል፤ ጠዋት ነጭ ጭስ የምታየውም ለዚህ ነው። ይህን ለማካካስ የፖምፓውን የነዳጅ መጨመሪያ ቡሎን አትንካ፤ ወደ ናፍጣ ስትመለስ ጥቁር ጭስና የሚግል ፒስተን ይጠብቅሃል። የመብራት ነጭ ጋዝ ድኝ ሊበዛበት ይችላል፤ ድኙ ሲነድ አሲድ ይሆናልና የሞተር ዘይት የምትቀይርበትን ርቀት በግማሽ ቀንስ። ነጭ ጋዝ በነዳጅ ጎማዎችና በኦሪንጎች (ማያያዣ ላይ ባሉ የጎማ ቀለበቶች) ልል ቦታ ፈልጎ ይወጣል፤ መጀመሪያ ስትጀምር ፖምፓው መግቢያ ላይ አንድ ጣት ያህል ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ አስገባና በሚኒሞ ተመልከተው። የአየር አረፋ ካየህ ከፖምፓው በፊት ያለውን ማያያዣ ሁሉ ሳታጠብቅ መንገድ አትውጣ።

እሳትን በተመለከተ፦ ናፍጣ ለእሳት የሚሆን ትነት የሚሰጠው ከ55 ዲግሪ ጀምሮ ነው፤ ነጭ ጋዝ ከ38። ከፖምፓው የሚመለሰው ነዳጅ 60 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። የተቀላቀለውን እንደ ናፍጣ ሳይሆን ወደ ቤንዚን የቀረበ አድርገህ ያዘው። በናፍጣ ላይ ቤንዚን ጨምሮ ማቅጠን ደግሞ በፍጹም አይደረግም፤ የሰልባትዮው አየር የሚፈነዳ ድብልቅ ይሆናል፣ ሴቴኑም ማለስለሱም አብሮ ይወርዳል።

አሮጌ ፒካፕ፦

ጋሽ ፖምፓ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቤንዚኑን ትቼዋለሁ። ፒካፑ ላይ አሁን ያለው 30 በመቶ ነው። ጠዋት በአንድ ንክኪ ይነሳል። ሞቆ ከጠፋ በኋላ ግን አሥር ደቂቃ ቆይቶ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። ግማሽ ሰዓት ሲቆይ ይነሳል። ባትሪው ደህና ነው።

ፖምፓ፦

ያ የፖምፓው እርጅና ነው፤ ነጭ ጋዙ አጋለጠው እንጂ አላመጣውም። የሚዞረው ሮተርና ያለበት ቤት በጣም ጠባብ ክፍተት ነው ያላቸው። ሲበላ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ነዳጁ ሲሞቅና ሲቀጥን ወደ ኢንጀክተሩ ከመሄድ ይልቅ በክፍተቱ ያመልጣል። ሞተሪኖው ቀስ ብሎ ስለሚያዞረው ኢንጀክተሩን የሚከፍት ግፊት አይደርስም።

ለማረጋገጥ እንዲህ አድርግ። ሞቆ አልነሳ ሲል፣ ሞተሩ እንደቆመ፣ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክረህ ፖምፓው ራስ ላይ፣ የኢንጀክተር ቧንቧዎቹ በሚወጡበት በኩል ጠቅልለው። ጨርቁን ሁለት ሦስት ጊዜ እየቀየርክ አምስት ደቂቃ ቆይ። ከዚያ ሞክር። ወዲያው ከተነሳ ጥፋቱ እሱ ነው። በሚሠራ ፖምፓ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስስ፤ ቤቱ ከሮተሩ ቀድሞ ይጠብና ይነክሰዋል፣ ዘንጉም ሊሰበር ይችላል።

ከተረጋገጠ ነጭ ጋዙን አቁምና ወደ ናፍጣ ተመለስ፤ ናፍጣ ላይ ለጊዜው በሙቅ ሊነሳልህ ይችላል። ግን ሮተሩና የፖምፓው ራስ አብረው ካልተቀየሩ እየባሰ ይሄዳል። ከተሠራ በኋላ ብትቀላቅልም 20 በመቶ ላይ ቁም።

ባዮዲዝል፦

የምግብ ዘይት ጥያቄው እንዳይረሳ። ከነጭ ጋዝ ጋር ፍጹም ተቃራኒ ችግር ነው ያለው፤ ነጭ ጋዝ ቀጭን ሲሆን የምግብ ዘይት ከናፍጣ አሥር እጥፍ ገደማ ይወፍራል፤ በ40 ዲግሪ ከ30 እስከ 40። የማለስለስ ችግር የለበትም። በ1900 በፓሪስ ኤግዚቢሽን አንድ አነስተኛ የዲዝል ሞተር በለውዝ ዘይት ሠርቶ ታይቷል፤ ስለዚህ ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ነገር ግን ወፍራም ነዳጅ በደንብ አይበተንም፤ ኢንጀክተሩ ጫፍ ላይና በፋሻው ቦይ ውስጥ ከሰል ይሠራል። ወደ ሞተር ዘይቱ የሚወርደው ደግሞ አያቀጥነውም፤ እየተያያዘ እንደ ጄሊ ያረጋዋል፣ የዘይት ፖምፓውም መሳብ ያቅተዋል።

ዘይቱን ሳይለወጥ የሚጠቀም ሰው ሁለት ሰልባትዮ ያስፈልገዋል። በናፍጣ ይነሳል፤ የራዲያተሩ ውሃ 80 ዲግሪ ሲደርስ በሙቅ ውሃው የተሞቀ ዘይት ይገባል፤ ከማጥፋት በፊት ሁለት ሦስት ደቂቃ በናፍጣ ይታጠባል። ለአንተ የድሮ ዓይነት ሞተር ይህ ይሆናል፤ በቀጥታ ፒስተኑ ላይ ለሚረጩት ግን አልመክርም።

የሚሻለው ዘይቱን ወደ ባዮዲዝል መለወጥ ነው። ለአንድ ሊትር ንጹህ ዘይት 200 ሚሊ ሊትር ሜታኖልና 3.5 ግራም ኮስቲክ ሶዳ። የተጠበሰበት ዘይት ከሆነ መጀመሪያ ውሃውን አፍልተህ አስወጣ፤ ከዚያ አሲዱን ለካ። አንድ ሚሊ ሊትር ዘይት በ10 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮል አሟሟ፣ ፌኖልፍታሊን (አሲዱ ሲያልቅ ሮዝ የሚሆን ጠቋሚ ቀለም) ጣል፣ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ ግራም ሶዳ ካለበት ፈሳሽ ሮዝ ሆኖ እስኪቆይ በጠብታ ጨምር። የወሰደው እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር በ3.5ቱ ላይ አንድ ግራም ይጨምራል። ከ5 ሚሊ ሊትር በላይ የሚወስድ ዘይት ብዙ ሳሙና ስለሚሠራ ተወው።

ሶዳውን በሜታኖሉ ውስጥ ቀስ እያልክ አሟሟ፤ በጠንካራ ፕላስቲክ እንጂ በአልሙኒየም ዕቃ አይሁን፤ ሶዳ አልሙኒየምን በልቶ ሃይድሮጅን ያወጣል። ዘይቱን 55 ዲግሪ አሙቀህ ቀላቅልበትና ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት አማስል። ሜታኖል በ65 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ከዚያ አታሳልፍ። ሌሊቱን ሲያድር ጠቆር ያለው ግሊሰሪን ከሥር ይተኛል። እሱን ቅዳ፣ ከላይ ያለውን በሞቀ ውሃ ውሃው ንጹህ እስኪሆን እጠብ፣ አድርቅ። ማረጋገጫው፦ 3 ሚሊ ሊትር ባዮዲዝል 20 ዲግሪ ሙቀት ባለው 27 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ውስጥ አፍስስና አናውጥ። ከሥር ጠብታ ከተኛ ያልተለወጠ ዘይት አለበት፤ እንደገና ይሠራ። ሜታኖል መርዝ ነው፣ በቆዳም ይገባል፣ ሲነድ ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም። ከቤት ውጭ፣ ጓንት አድርገህ፣ ያለ ክፍት እሳት ብቻ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰልባትዮዎች ላይ ተጨማሪ የናፍጣ ፊልትሮ ያዝ፤ ባዮዲዝል የድሮ ሰልባትዮ ዝቃጭ አጥቦ ያመጣዋል። የተፈጥሮ ጎማ ቱቦ ካለ ያብጣል፣ ይላሽቃል፤ ቫይተን በሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ ቀይረው።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነዳጅ አይደለም። ከብሮንዚንና ከፋሻ የተፋቀ ብረት፣ አመድ፣ ውሃና አሲድ ነው የያዘው፤ በጨርቅ ፊልትሮ የሚወጣውም ትልልቁ ብቻ ነው።

ካንዴላ፦

ለቤንዚኑ መኪናህ ወጪ የሚቀንሰው ቡታ ጋዝ ነው። ኦክቴኑ ከ100 በላይ ስለሆነ 8.5 ኮምፕሬሽን አያንኳኳበትም፤ ጋዝ ሆኖ ስለሚገባ የሲሊንደሩን ዘይት አያጥብም። አንድ ሊትር ቤንዚን የሚሠራውን ለመሥራት ከ1.25 እስከ 1.3 ሊትር ቡታ ጋዝ ይፈጃል፤ ዋጋውን ስታወዳድር በዚህ አባዛው።

ለመኪና የተሠራ ሰልባትዮ፣ በራዲያተሩ ውሃ የሚሞቅ ማትነኛና መቀላቀያ ያስፈልጋል። በቤንዚን ይነሳል፣ ማትነኛው 40 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ወደ ጋዝ ይዞራል። ሰልባትዮው 80 በመቶ ላይ ራሱ መዝጋት አለበት፤ ፈሳሹ ሲሞቅ የሚሰፋበት ቦታ ያስፈልገዋል። የወጥ ቤት ሲሊንደር ይህ መዝጊያ የለውም፤ ከላይ የሚሰጠው ትነት ብቻ ስለሆነም ሞተሩ ሲስብ ይቀዘቅዛል፣ ግፊቱ ይወድቃል። ገልብጦ የሚያስር ሰው ደግሞ ግፊቱ ሳይቀነስ የሚመጣ ፈሳሽ ወደ ሞተር ክፍሉ እያስገባ ነው። ይህን አታድርግ።

የድሮ ቫልቭ መቀመጫ በጋዝ ሊሰምጥ ስለሚችል በየ10 ሺህ ኪሎሜትሩ የቫልቭ ክፍተቱን ለካ፤ እየጠበበ ከመጣ መቀመጫው እየሰመጠ ነው። ማያያዣዎቹን በሳሙና አረፋ ፈትሽ። ቡታ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ይወርዳል፤ ጉድጓድ ባለበት ጋራዥ ውስጥ መኪናውን አታሳድር።

አሮጌ ፒካፕ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ የቀረ፦ ከቤንዚኑ ሰልባትዮ ያወጣሁት 15 ሊትር የተቀላቀለ አለ፤ 20 በመቶ ነጭ ጋዝ ነው። ምን ይደረግ?

ካንዴላ፦

በንጹህ ቤንዚን አቅጥነው። አንድ ሊትሩን በ20 ሊትር ንጹህ ቤንዚን ላይ ብትጨምር ነጭ ጋዙ ከአንድ በመቶ በታች ይሆናል፤ በዚያ መጠን ኦክቴኑም ዘይቱም አይጎዱም። አሥራ አምስት ጊዜ ስትሞላ ያልቃል። እስከዚያ በብረት ጄሪካን፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ "ቤንዚን አለበት" ተብሎ በትልቁ ተጽፎበት ይቀመጥ። ነጭ ጋዝ ይሸታል ብሎ ማንም ለምድጃ ወይም ለፋኖስ እንዳይወስደው። ቤንዚን ያለበት ነጭ ጋዝ በቤት ሙቀት ይተናል፤ ክብሪት ሲጫር የሚያያዘው ክሩ ሳይሆን የፋኖሱ ሆድ ነው።